አምስት ባለስፖክ ቸርኬዎች፦ የአንድ ጃጓር ኢ-ታይፕ የክሮም እድሳት

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ ባለ 4.2 ሊትር ጃጓር ኢ-ታይፕ ነው፤ ሁለት ሰው የሚይዘው፣ ጣሪያው የማይከፈተው ዓይነት። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ባለቤቱ ያቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር፦ የአራቱ ቸርኬዎችና የስኮርታው ክሮም በዝገት ተበልቷል፤ እንደገና ይለበጡ ወይስ አዲስ ቅጂ ይገዛ? ጥያቄው የመጣው ከመልክ ነው። መልሱ የተገኘው ግን ክሮም ፈጽሞ ሊደርስበት ከማይገባው ቦታ፣ ከእምብርቱ (ስፖኮቹ ከሚነሱበት የቸርኬው መሐል) የውስጥ ጥርሶች ነው። ክሮም ቸርኬ ፈልጎ ገንዘቡን ያባከነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚስተው ይህን ቅደም ተከተል ነው።

የቸርኬው አሠራር

የዚህ መኪና ቸርኬ 15 ኢንች ቁመት፣ 5 ኢንች ስፋትና 72 ስፖክ ያለው የደንሎፕ ሥራ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ መደበኛው የብር ቀለም የተቀባው ነበር፤ ክሮሙ ደንበኛው ጨምሮ ከፍሎ የሚያዘው ነው። ስለዚህ በዚህ ዘመን ኢ-ታይፕ ላይ የሚታየው ክሮም ሁሉ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም፤ ብዙው በኋላ የተለበጠ ነው፤ በኋላ የተለበጠው ደግሞ ጥራቱ የለባጩን ያህል ይለያያል።

ቸርኬው በአራት ወይም በአምስት ብሎን አይታሰርም። በመኪናው በኩል ያለው ሞዞ በውጭ ገጹ ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ የቸርኬው እምብርት ደግሞ በውስጡ ተመሳሳይ ጥርስ አለው። እምብርቱ ሞዞው ላይ ይሰካና ከውጭ በአንድ ትልቅ ባለክንፍ ዳዶ ይጠበቃል። የጃጓሩ መጠን 52 ሚሊሜትር ሲሆን የዳዶው ጠመዝማዛ በኢንች 8 ዙር አለው። የኤምጂ ቢ፣ የሌላው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ መጠን 42 ሚሊሜትር ስለሆነ የሁለቱ ቸርኬዎች አይለዋወጡም፤ በፎቶ ግን ያምታታሉ።

የሥራ ክፍፍሉ መታወቅ አለበት። ቸርኬውን መሐል ላይ የሚያስቀምጡት ጥርሶቹ አይደሉም፤ ሁለት ሾጣጣ መቀመጫዎች ናቸው፤ አንዱ ከኋላ በሞዞው በኩል፣ ሌላው ከፊት በዳዶው በኩል። ጥርሶቹ የሚሸከሙት የማዞር ኃይልን ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲገፋና ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን። ጥርስ ሲበላ ቸርኬው ቀጥ ብሎ ይሽከረከራል፣ ግን በእያንዳንዱ መነሻና መቆሚያ ላይ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ባለቤቱ ወደ ኋላ ማርሽ ሲያስገባ የሚሰማውን “ቋ” የሚል ድምፅ ለማርሽ ሳጥኑ ሰጥቶት ነበር።

ምርመራው

የመጀመሪያው ፈተና ክሪክና አንድ ረዳት ብቻ ይፈልጋል። አንዱን ጎማ ከመሬት ያነሳሉ፣ ባለክንፉ ዳዶ መጥበቁን ያረጋግጣሉ፣ ረዳቱ ፍሬን አጥብቆ ይይዛል፤ ከዚያ ጎማውን በሁለት እጅ ይዞ በመሽከርከሪያው አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ መነቅነቅ ነው። ደህና ቸርኬ ምንም አይልም። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ዝም አሉ፤ ሁለቱም የኋላዎቹ ተንቀሳቀሱ፣ ግራው በይበልጥ።

ቸርኬዎቹ ወልቀው ሲታዩ ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። ያልተበላ ጥርስ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው። የኋላዎቹ እምብርቶች ጥርስ ግን እንደ መጋዝ ሾሎ ነበር። ይህንን ለማየት መብራቱን ከጎን አስጠግቶ ማብራት ይጠቅማል፤ ከፊት ለፊት በርቶ ሲታይ ያረጀውም አዲስ ይመስላል። ንጽጽሩ የተደረገው ከስኮርታው ጋር ነው። ስኮርታ በሻንጣ ክፍል ዕድሜውን ስለሚያሳልፍ ጥርሱ ከሁሉም ያነሰ የተበላ ይሆናል፤ አምስት ቸርኬ በሚመረመርበት ጊዜ ሁሉ ከእሱ የተሻለ መለኪያ አይገኝም።

ቀጥሎ ስፖኮቹ። እያንዳንዱን በትንሽ የብረት ዘንግ መታ መታ ማድረግ ነው፤ የተወጠረው ይጮኻል፣ የላላው ይደነቁራል። በግራው የኋላ ቸርኬ ሦስት ስፖኮች እምብርቱ አጠገብ ካለው መታጠፊያ ላይ ተሰብረዋል፤ የጎረቤቶቻቸውም ድምፅ የደነቆረ ነበር። ክሮም የተለበጠ ስፖክ ሲሰበር ብዙ ሰው በልበጣው ጊዜ ብረቱ ውስጥ የሚገባውን ሃይድሮጂን ይከሳል። ክሱ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ጠንካራ ብረት በአሲድ ሲታጠብና ሲለበጥ ሃይድሮጂን ይስባል፣ ከዚያም በውጥረት ውስጥ ሳለ በድንገት ይሰበራል። ግን እንዲህ ያለው ስብራት ቸርኬው ከተወጠረ በኋላ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይታያል እንጂ ዓመታት አይጠብቅም። ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ ከላሉ ጎረቤቶች መካከል፣ መታጠፊያው ላይ የሚመጣ ስብራት የድካም ስብራት ነው። አንድ ስፖክ ሲላላ ሸክሙ ወደ ቀሪዎቹ ይተላለፋል፤ በእያንዳንዱ ዙር እየተወጠሩና እየረገቡ በመጨረሻ ይለቃሉ። ልዩነቱ በተግባር ለውጥ አለው፦ የተሰበሩትን ሦስት ብቻ መተካት አይበቃም፣ ጎረቤቶቻቸው ተራቸውን እየጠበቁ ነውና።

ጎማዎቹ ከወለቁ በኋላ የቀለበቶቹ፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥባቸው የቸርኬው ዙሪያዎች፣ ውስጥ ታየ። ክሮሙ ከፊት በኩል እዚህም እዚያም ቢያበራም፣ ጎማው የሚደብቀው ጎን ከመጀመሪያውም በቂ ልባጥ አላገኘም ነበር። ከመነዳሪውን ከስፖክ ጫፎች የሚጠብቀው የላስቲክ ቀበቶ በስብሶ ከዝገቱ ጋር ተጣብቋል። ቀለበቶቹ ታጥበው ስንጥቅ የሚያሳይ ቀይ ፈሳሽ ተረጨባቸው፤ ፈሳሹ ተጠርጎ ነጩ ዱቄት ሲነፋ፣ በግራው የኋላና በአንዱ የፊት ቀለበት ላይ ከስፖክ ቀዳዳ የሚነሱ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ። ቀዳዳው ላይ የተሰነጠቀ ቀለበት አይበየድም። ብየዳው ይይዝ ይሆናል፣ ግን አጠገቡ ያለውን ብረት ያለሰልሰዋል፤ ስፖኩ ደግሞ የሚጎትተው በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነው። በዲያል ጌጅ ሲለካ የዚያው የግራ ኋላ ቸርኬ የጎን መወላገድ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ነበር።

የቀረቡት መንገዶች

በመጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ ቸርኬዎቹን ሳይፈቱ እንዳሉ ልበጣ ገንዳ ውስጥ መንከር ነበር። ዋጋው ዝቅተኛ፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ የሚያቀርቡት አይጠፉም። መቀበል የለበትም። በእያንዳንዱ ስፖክና ከቀለበቱ ጋር በምታስረው ትንሿ ዳዶ መካከል፣ እንዲሁም በእምብርቱ መታጠፊያዎች ውስጥ አሲዱ ይገባል፤ አጥቦ ማውጣት አይቻልም። ልባጡ ደግሞ ወደ ስርቻ አይደርስም፤ የኤሌክትሪኩ ፍሰት የሚመርጠው ጎላ ያለውን ገጽ ነው፤ ክሮም ከሌሎቹ ብረቶች ሁሉ ይልቅ ወደ ስርቻ ለመግባት ደካማ ነው። የሚገኘው ውጤት ከፊት ያበራል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከየስፖኩ ሥር ቡናማ እንባ ይወርድበታል። ስፖኮቹም ተወጥረው እያሉ ስለተለበጡ፣ ቀደም ሲል የተነሳው የሃይድሮጂን ስጋት እዚህ ላይ እውነተኛ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ሌላ ሰው ያሳደሳቸውን አምስት ቸርኬዎች መግዛት ነበር። የሻጩ ፎቶዎች ያማሩ ነበሩ፤ ሁሉም ከፊት የተነሱ። የተጠየቁት ሦስት ተጨማሪ ፎቶዎች ናቸው፦ የእምብርቱ ጥርስ መብራት ከጎን በርቶበት፣ የኋላው ሾጣጣ መቀመጫ፣ እና ጎማ የሌለው ቀለበት ውስጡ። ሻጩ ጎማ ማውለቅ አልፈለገም፤ ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። እነዚህን ሦስት ፎቶዎች የማይልክ ሻጭ ምን እንደሚደብቅ መገመት አያስፈልግም፣ መግዛቱን መተው ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛው አዲስ ቅጂ ነው። የእንግሊዙ ሞተር ዊል ሰርቪስ በደንሎፕ ስም ያቀርባል፤ በአሜሪካ ኦሃዮ ዴይተን ከ1916 ጀምሮ ባለስፖክ ቸርኬ ሲሠራ የኖረ ስም ነው፤ ከሌሎች አገሮችም በርካሽ የሚመጡ አሉ። እዚህ ላይ የሚስተው የእምብርቱ ቅርጽ ነው። በ1965 መኪና ላይ ያለው እምብርት ስፖኩ ከመሠረቱ ታጥፎ የሚወጣበት፣ ጠርዙ የተጠማዘዘ ዓይነት ነው። ጃጓር በ1968 አካባቢ ስፖኩ ቀጥ ብሎ የሚወጣበትንና ለማጽዳት የሚቀለውን ወፍራም እምብርት አመጣ። ሁለቱም “የኢ-ታይፕ” ተብለው ይሸጣሉ፣ ሁለቱም 72 ስፖክ አላቸው፣ ሁለቱም ይገጥማሉ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አንድ መኪና ላይ የሚሄዱ አይደሉም። ለትእዛዝ ዓመተ ምሕረት መጻፍ ስለማይበቃ፣ ከነባሩ እምብርት ፎቶ ጋር የታጠፈው ዓይነት መሆኑ በጽሑፍ መገለጽ ነበረበት።

ውሳኔው ድብልቅ ሆነ። የሁለቱ ፊትና የስኮርታው እምብርቶች ጥርሳቸው ደህና ስለነበር ይታደሳሉ፤ የተሰነጠቀው የፊት ቀለበት በአዲስ ይተካል። የሁለቱ ኋላዎች እምብርቶች ይጣላሉ፤ በቦታቸው ሁለት አዲስ ቅጂዎች ይገባሉ። ከዚህ ጋር አንድ ያልታሰበ ወጪ መጣ። በመኪናው በኩል ያሉት ሁለቱ የኋላ ሞዞዎችም ጥርሳቸው ሾሎ ነበር። ያረጀ ሞዞ ላይ የተሰካ አዲስ ቸርኬ በፍጥነት ይበላል፤ ጥርስ ከጥርስ ጋር የሚነካካው በሙሉ ገጹ ሳይሆን በጫፉ ብቻ ስለሚሆን። ስለዚህ የኋላ ሞዞዎቹ ከኩሽኔታዎቻቸው ጋር ተቀየሩ። ሲታዘዙ ግራና ቀኝ ለይቶ መጥራት ግድ ነው፦ የግራው ጠመዝማዛ እንደተለመደው በሰዓት አቅጣጫ ይጠብቃል፣ የቀኙ ግን በተቃራኒው። ዳዶዎቹ የሚፈቱት ሁለቱም ጎማው ወደ ፊት በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ነው። ሁለቱ ከተቀያየሩ መኪናው ራሱ እየሄደ ዳዶውን ይፈታዋል።

ልበጣው

ወደ ለባጩ የሄዱት ሦስት እምብርቶችና ሦስት ቀለበቶች ናቸው። አዲሱ ቀለበት ሆን ተብሎ ሳይለበጥ ባዶ ብረቱ ተገዛ፤ ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር በአንድ ገንዳ፣ በአንድ ቀን እንዲለበጥ። ከፋብሪካ ክሮም ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ከነባሮቹ ጋር ቀለሙ አይገጥምም ነበር። የክሮም ቀለም አንድ እንዳልሆነ ብዙ ገዢ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ከአሮጌው ባለ ስድስት ቫሌንስ ክሮም የሚወጣው ልባጥ ወደ ሰማያዊ ያጋደለ ነጭ ነው፤ ከባለ ሦስት ቫሌንሱ የሚወጣው ትንሽ ጠቆርና ሞቅ ይላል። በአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 21 ቀን 2017 ጀምሮ የመጀመሪያው ያለ ልዩ ፈቃድ ስለማይሠራበት፣ ሁለቱም ዓይነት በገበያው ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ለባጩ የትኛውን እንደሚጠቀም አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከመፈታታቱ በፊት አንድ ልኬት መወሰድ ነበረበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ቸርኬው በፊቱ ተደፍቶ፣ ቀጥ ያለ ብረት በቀለበቱ የኋላ ጠርዝ ላይ ተጋድሞ፣ ከብረቱ እስከ እምብርቱ የኋላ ጫፍ ያለው ርቀት ይለካል። ይህ ቁጥር ካልተጻፈ፣ ስፖኮቹ ከተቆረጡ በኋላ ቀለበቱ ከእምብርቱ አንጻር የት እንደነበር የሚናገር ነገር አይቀርም። በሦስቱም ላይ ተለክቶ በእምብርቱ ላይ በታሰረ መለያ ተጻፈ። ከዚያ ስፖኮቹ በመቁረጫ ተቆረጡ፤ አንድ በአንድ በተርታ ሳይሆን በተቃራኒ ጎኖች እየተፈራረቁ፣ ቀለበቱ በአንድ በኩል እንዳይጎተት።

የልበጣው ትእዛዝ በጽሑፍ የተሰጠው በዝርዝር ነበር፤ “ጥሩ ክሮም” የሚል ትእዛዝ ለክርክር ይዳርጋል። አሮጌው ክሮምና ኒኬል ተልጦ ይወጣል። የዝገት ጉድጓዶች ይሞረዳሉ፤ ጥልቅ ያልሆኑት በመዳብ ይሞላሉ። መዳቡ ይለሰልሳል፤ የሥራው ድካም ያለውም እዚህ ነው፤ ክሮም ሥሩ ያለውን ጭረት ሁሉ ያጎላል እንጂ አይሸፍንም። ከመዳቡ በላይ ሁለት ንብርብር ኒኬል ይመጣል፦ ከሥር ድኝ የሌለበት ደብዛዛ ኒኬል፣ ከላይ ድኝ ያለበት አንጸባራቂ ኒኬል። ዝገት ሲጀምር የላይኛው ቀድሞ ይበላል፣ ጉዳቱ ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋል፤ የታችኛው ብረቱን ይጠብቃል። የሁለቱ ጠቅላላ ውፍረት ቢያንስ 30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) እንዲሆን ተጠየቀ፤ ይህ የአሜሪካው ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ቢ456 ደረጃ ለእጅግ ከባድ የውጭ አገልግሎት በሚያስቀምጠው ልክ ነው፣ ከላይ ያለው ክሮም ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ዓይነት እስከሆነ ድረስ። ክሮሙ ራሱ ከ0.3 ማይክሮን አካባቢ አይዘልም። መልኩን የሚሰጠው እሱ ነው፣ ዝገትን የሚከላከለው ኒኬሉ ነው። “ባለ ሦስት ድርብ ክሮም” እያለ የሚያስተዋውቅ ቢመጣ፣ መጠየቅ ያለበት የኒኬሉ ውፍረት ብቻ ነው።

ውፍረቱን ማረጋገጥ ከሚመስለው ይከብዳል። የመኪና ቀለም የሚለካበት ማግኔት ያለው መሣሪያ እዚህ አይሠራም፤ ኒኬል ራሱ ማግኔት ስለሚስበው መሣሪያው ብረት እንደነካ ቆጥሮ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ትክክለኛው መንገድ ለባጩ ከቸርኬዎቹ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ አንድ ቁራጭ ብረት እንዲለብጥ ማድረግ፣ ቁራጩን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ወይም በኤክስሬይ መሣሪያ መለካት ነው። በዚህ ሥራ ቁራጩ ተሠራ፤ ልኬቱ ከተጠየቀው አላነሰም።

ሌላው የትእዛዙ ክፍል የማይለበጠውን የሚመለከት ነበር፦ የእምብርቱ የውስጥ ጥርስ፣ ሁለቱም ሾጣጣ መቀመጫዎች። እነዚህ በጎማ መድፈኛና በሰም ተደፍነው መሄድ ነበረባቸው። ከሦስቱ እምብርቶች አንዱ ግን ጥርሱ እያበራ ተመለሰ። መድፈኛው በአንድ በኩል ለቆ ነበር። ለዓይን ያስደስታል፤ ለመኪናው ግን ስህተት ነው። በእያንዳንዱ የጥርስ ጎን 30 ማይክሮን ሲጨመር ክፍተቱ በ60 ይጠባል፤ እምብርቱ ሞዞው ላይ ግማሽ መንገድ ገብቶ ይጣበቃል። መዶሻ የሚያነሳ ሰው ያስገባዋል፣ ከዚያ ግን አይወጣም፤ ከወጣም የተላጠ ኒኬል ፍርፋሪ ከግራሶው ጋር ተደባልቆ ጥርሱን ይፈጫል። እምብርቱ ተመልሶ ተላጠ፣ በደንብ ተደፍኖ እንደገና ተለበጠ።

የቀለበቶቹ ውስጥ እንደተጠበቀው ልባጡ ስስ ነበር። ያ ጉድለት አይደለም፣ የሥራው ባሕርይ ነው። ስሱ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ተሻክሮ ሁለት ክፍል ያለው ኤፖክሲ ቀለም ተቀባ። ይህ ሳይደረግ የታሰረ ክሮም ቀለበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል።

ስፖኮቹና መወጠሩ

አዲሶቹ ስፖኮች ከማይዝግ ብረት የተሠሩና የተወለወሉ ናቸው። ክሮም የተለበጠ ስፖክ ከቀለበቱ ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል፤ የማይዝገው በብርሃን ላይ ትንሽ ግራጫ ይላል፤ ልዩነቱን የሚያየው ተንበርክኮ የሚመለከት ሰው ነው። ለውድድር ዳኞች ሲባል ክሮም ስፖክ የሚፈልግ ቢኖር፣ ከልበጣ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ለረጅም ሰዓት መጋገሩን የሚያረጋግጥ ወረቀት መጠየቅ አለበት። ወረቀት ከሌለ ስፖኩ አይታሰር። የማይዝግ መሆኑን በማግኔት ለመፈተን የሚሞክሩ አሉ፤ ቀዝቅዞ የተጎተተ የማይዝግ ሽቦ ራሱ ማግኔት በትንሹ ስለሚስበው ፈተናው አያስተማምንም። የስፖኩ ጠመዝማዛ የተቆረጠ ሳይሆን በመጠቅለል የተሠራ መሆኑ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የተቆረጠው በሥሩ ላይ የስብራት መነሻ ይተዋል።

ትንንሾቹ የስፖክ ዳዶዎች ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የማይዝግ ብረት በማይዝግ ብረት ላይ ሲዞር ይነካከሳል፤ በወጉ ሳይወጠር ይቆልፋል። ስለዚህ ኒኬል የተለበጠ የናስ ዳዶ ተመረጠ፣ ጠመዝማዛው ላይም መናከስን የሚከላከል ቅባት ተደረገ።

መወጠሩ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ሄደ። መጀመሪያ የእምብርቱ ጥልቀት በመለያው ላይ ወደተጻፈው ቁጥር መጣ፤ ከዚያ ክቡ፣ ከዚያ የጎን መወላገዱ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው መወላገዱን ያስተካክልና ጥልቀቱን ሲያመጣ መልሶ ያጣዋል። ግቡ በሁለቱም አቅጣጫ ከ1 ሚሊሜትር በታች፣ ውድቅ የሚያደርገው ወሰን 1.5 ነበር። ሲያልቅ ከትንሿ ዳዶ በላይ የወጡ የስፖክ ጫፎች ተሞርደው ከዳዶው ጋር እኩል ሆኑ።

አዲሶቹ ቅጂዎች

ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች በሳጥን መጡ። ጎማ ከመልበሳቸው በፊት ተመረመሩ፤ ጎማ የለበሰ ዕቃ መልሶ የሚቀበል የለም። ልኬቱ የተወሰደው ቸርኬው በሁለቱ ሾጣጣ መቀመጫዎች ተይዞ ነው፣ መኪናው ላይ እንደሚቀመጠው። በመሐል ቀዳዳው የያዘ መሣሪያ ጥርሱን ይዞ የሚለካ ስለሆነ ውጤቱ ትርጉም የለውም። አንዱ በወሰኑ ውስጥ ነበር። ሌላው ክቡ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ተዛብቶ ተገኘ፤ ፎቶና ቁጥር ተያይዞ ተመለሰ፣ ምትኩም መጣ። የአቅራቢው ማንነት እዚህ ቦታ የለውም፤ የማንም ፋብሪካ ዕቃ ሊዛባ ይችላል፣ ጥያቄው ገዢው ጎማ ከማልበሱ በፊት ለካ ወይ ነው። በምትኩ ላይ ሁለት ስፖኮች ከዳዶው በላይ ወጥተው ስለነበር ተሞረዱ። ከመነዳሪ ያለበት ቸርኬ ላይ የወጣ ስፖክ ጫፍ አየሩን ያስወጣል፣ ብዙ ጊዜም ባልተጠበቀበት ፍጥነት።

የቀለም ጉዳይ በአቀማመጥ ተፈታ። አዲሶቹ ክሮማቸው ከታደሱት ትንሽ ሞቅ ይላል። ሁለቱም ኋላ ስለገቡ በአንድ አክስል ላይ ሁለት ዓይነት አይታይም፤ ፊትና ኋላን ደግሞ አንድ ላይ ማነጻጸር ለዓይን አይመችም።

ገጠማው

በየቀለበቱ አዲስ የላስቲክ ቀበቶ ታሰረ፣ 185 የሆነው ባለ 15 ጎማ ከነከመነዳሪው ገባ። ጎማው ውስጥ የተለጠፉ ወረቀቶች ተነሱ፤ ከመነዳሪውን እየፈተጉ ይቀዱታል። ባላንሱ በሾጣጣ መያዣ ተሠራ፣ ሚዛን ማስተካከያው ከውስጥ በኩል የሚለጠፍ ዓይነት ነው፤ በጠርዝ ላይ የሚቆነጠጠው ክሮሙን ይፍቃል፣ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል።

ጥርሱ፣ ጠመዝማዛውና ሾጣጣ መቀመጫዎቹ ተጠርገው ስስ ግራሶ ተቀቡ። ባለክንፉ ዳዶ የተጠበቀው ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ ነው፤ መሬት ላይ ከሆነ የመኪናው ክብደት ቸርኬውን ወደ ታች ይጎትተውና ሾጣጣዎቹ መሐል ላይ አይቀመጡም። መዶሻው የመዳብ ፊት ያለው ነው። የብረት መዶሻ የዳዶውን ክንፍ ይቆራርጠዋል፣ የተለበጡትን ክንፎች ጠርዝም ይልጣል። በአሜሪካ ከጥር 1 ቀን 1968 ጀምሮ ወጣ ያለ ክንፍ ተከልክሎ ስለነበር ለዚያ ገበያ የተላኩ ኋለኞቹ መኪናዎች ክንፍ የለሽ ዳዶ አላቸው፤ እነሱ ከመዶሻው ጋር በእነሱ ልክ የተሠራ መያዣ ይፈልጋሉ። ከአጭር መንዳት በኋላ አራቱም ዳዶዎች እንደገና ተፈተሹ፤ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ወሰዱ። ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከተሄደ በኋላ የስፖኮቹ ድምፅ በዘንግ ተሞከረ፤ የታደሱት ላይ አምስት ስፖኮች ጥቂት ተጨመረላቸው። አዲስ የተወጠረ ቸርኬ መቀመጥ ስለሚፈልግ ይህ የሚጠበቅ ነው።

የኋላው “ቋ” ጠፋ። የማርሽ ሳጥኑን የነካው ሰው የለም። አንድ ነገር ግን ሳይፈታ ቀርቷል፦ ከታደሱት ቀለበቶች በአንዱ ጠርዝ ላይ ከፍተኛ ፍሰት ያቃጠለው ደብዛዛ ግራጫ ቦታ አለ፣ አውራ ጣት የሚያህል። ልባጡ አስተማማኝ ስለሆነና መልሶ ማላጥ ብረቱን ይበልጥ ስለሚያሳሳ ተትቷል፤ ያ ቸርኬ ስኮርታ ሆነ።

ለእጥበት ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ብሩሽ ይበቃሉ፤ አሲድ ያለበት የቸርኬ ማጽጃ በስፖኮቹ ሥር ይገባና ኒኬሉን ይበላል። ከእጥበት በኋላ በታመቀ አየር የየስፖኩን ሥር ማድረቅ ከሰም ይበልጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ቸርኬዎቹ ይወልቃሉ፣ ጥርሱ ይጠረጋል፣ ግራሶው ይታደሳል፤ ግራሶው ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ ጥርሱ መፈጨት ጀምሯል ማለት ነው።

ሁለቱ አሮጌ የኋላ እምብርቶች ጥርሳቸው በመፍጫ ተቆርጦ ተጣሉ፤ አንዱ ለብጧቸው “የታደሰ” ብሎ እንዳይሸጣቸው።